በርበሬ የመጣበት ካርቶን

ካርቱም ውስጥ አርካዊት በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት የሚጠብቀው ይታወቅ ነበር፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ከተገኘም ቅቤ። በመተማ ተሻግሮ፣ በገዳሪፍና በወድ መደኒ አድርጎ ካርቱም ይገባ የነበረው አውቶቡስ ጭነቱ ይኸው ነበር። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት እዚያ ሰፈር ስኖር እኔ በጉጉት የምጠብቀው ግን የልጆች መጽሐፍ ነበር። ጎንደር ያለችው እህቴ የፊደል ገበታና የተረት መጻሕፍት እየገዛች ትልክ ነበር፤ እኔ ለሰፈሩ ልጆች በነፃ አድል ነበር።

ካርቱም የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛ ከእናታቸው ሰምተው ይናገሩ ነበር፤ ጨዋታቸው በዓረብኛ ነበር፤ ፊደል ግን ብዙዎቹ አልቆጠሩም ነበር። እናቶቻቸው ሻይ ሲሸጡ፣ ሰው ቤት ሲሠሩ ይመሽባቸው ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያ የሚችለው ጥቂቱ ነበር።

አንድ ዓርብ ካርቶኑ ገባ። ዓርብ በሱዳን የእረፍት ቀን ስለሆነ ልጆቹ ግቢውን ሞልተውታል። ገመዱን ፈትቼ ክዳኑን ብገልጠው በርበሬ! ከፊት የተቀመጡት ማስነጠሱን ተያያዙት፤ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። ለአውቶቡሱ ረዳት ብደውል የእኔ ካርቶን ዴም የሚባል ሰፈር ለምትኖር አንዲት እናት ተሰጥቷል አለ።

በርበሬውን ታቅፌ ራክሻ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሣ፤ ሰማዩ ቀልቶ ፊት ለፊት ያለው መኪና ጠፋ። ሾፌሩ አንድ ሱቅ ጥግ አቆመና አቧራው እስኪያልፍ ተቀመጥን። እዚያ ሆኜ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አሰብኩ። የነገሌ ቦረናው ሰው ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ስላጡ የማሞ ቂሎን ተረት ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይም አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች አደረሱ። እኚህ ሰው አህያ ካሠለፉ አንድ ካርቶን ፍለጋ ምን ያደክማል?

ዴም ስደርስ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ተቀምጠው ተረት እያነበቡ ነው። ልጃቸው፣ የጎረቤት ልጆችና አንዲት ሱዳናዊት ሕፃን ከበዋቸዋል። «ወንድሜ፣ በርበሬዬን ስጠኝ፤ ይሄን መጽሐፍ ግን ልጄ አልመልስም ብሏል» አሉኝ። እንዴት ይመልስ? በሕይወቱ «የኔ» ያለው የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። እሱንና ሌሎችንም እዚያው ተውኩ። መጽሐፍ ሲሰጥ እንዲህ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አብሮ ሲገኝ ልጅ ወዲያው ይይዘዋል፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ አገር ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ የሰማው ለዚህ ነው።

ሱዳናዊቷ ሕፃን የዓረብኛ መጽሐፍ ጠየቀችኝ። አልነበረኝም፤ ከየት ላምጣላት? ካርቱም መሃል በየወሩ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡበት «መፍሩሽ» የሚባል ገበያ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ ነበር፤ በ2015 ባለሥልጣናት ከለከሉት። መጽሐፍ መሬት ላይ ማንጠፍን የፈራ መንግሥት ለልጆቹ አላዘነም፤ ይህን የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። ብዙ ሐበሾችና ሱዳናውያን መጽሐፉ በመጣበት በመተማ መንገድ ተሰደዱ። ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ አንብበው የጨረሱት መጽሐፍ ካለ ከካርቱም ለተመለሱት ልጆች አድርሱላቸው፤ ለሱዳናውያኑም የዓረብኛ መጽሐፍ ጨምሩ። ስትሰጡም አታውሱ፤ ለልጁ ይሁን።