ጉዳዩ፦ ሐሰተኛው ድረ ገጽ ከእውነተኛው ይልቅ ስለመታመኑ

ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ስምዎን ያልጻፍኩት ከንቀት አይደለም። ድረ ገጽዎ ላይ በትልቅ ፎቶ «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉት ከእርስዎ በፊት የነበሩት ናቸው። ከሥራቸው «ራዕያችን፦ በ2012 ዓ.ም. በአፍሪካ ተመራጭ ተቋም ሆኖ መገኘት» ይላል። ተሳክቶ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት። «ግልጽነት» የሚለውን እሴታችሁን ስጫነው ደግሞ «ገጹ አልተገኘም» አለኝ።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን የዚያ ሐሰተኛ ገጽ ውበት ነው፤ አርማችሁን ለጥፎ ክፍት የሥራ ቦታ «ያወጣላችሁ»። አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። «ምዝገባው ሊዘጋ 15 ደቂቃ ቀርቶታል» የሚል ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል፤ ዘግተው ቢከፍቱት፣ ባለቤቱ ቸር ነውና፣ 15ቱን ደቂቃ እንደ አዲስ ይሰጥዎታል። ከጥግ በኩል «አንዲት አመልካች ከአዳማ አሁን ተመዘገቡ» የሚል ብቅ ይላል። እኚህ የአዳማ ሴት በየደቂቃው ይመዘገባሉ። ስልክ ቢደውሉ ወዲያው ተነስቶ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ይባላሉ። 500 ብር «የመመዝገቢያ» ሲከፍሉም ምስጋና አይጓደልም።

የጓጉንቸር ምልክትም አለው። ጎግል በ2023 እ.ኤ.አ. ይህችን ምልክት ከክሮም የአድራሻ መስመር ላይ ያነሳት ሰው የታማኝነት ማኅተም አድርጎ ስላያት ነው። የምትናገረው መረጃው መንገድ ላይ እንደማይጠለፍ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ሌባ ይሁን አይሁን አታውቅም። የእርስዎን ገጽ ስከፍት ግን «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይቀድመኛል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል ነበር፤ ለዚህኛው ቁርበቱን ያነጠፉለት እርስዎ ነዎት።

በ2002 እ.ኤ.አ. የስታንፎርዱ ተመራማሪ ቢ. ጄ. ፎግና ባልደረቦቹ ለ2,684 ሰዎች ድረ ገጾችን አሳይተው የትኛውን እንደሚያምኑ ቢጠይቋቸው፣ ከአስተያየቶቹ 46.1 በመቶው የገጹን መልክ የሚያነሳ ሆነ። በዚያው ዓመት ባለ 10 ነጥብ የድረ ገጽ ታማኝነት መመሪያም ወጣ፦ አድራሻህን አሳይ፣ በቀላሉ ተገኝ፣ ቶሎ ቶሎ አድስ፣ ትንሽም ብትሆን ስህተት አትተው። ሌቦቹ ያንብቡት አያንብቡት እንጃ፤ መተግበሩን ግን ተግብረውታል። እናንተ እውነቱን ይዛችሁ ሐሰተኛ ትመስላላችሁ።

ስለዚህ ጨረታ አያውጡ፣ ኮሚቴም አያቋቁሙ። «ለሥራ ምዝገባ ምንም ክፍያ አንጠይቅም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከነቀኑ በመነሻ ገጹ ላይ ያስጽፉልን፤ ስልኩ አጠገብም የሚያነሳ ሰው ያስቀምጡ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሐሰተኛው ገጽ ባለቤት (በኢሜይል ልኬለት በደቂቃ ውስጥ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብሎኛል፤ የእርስዎ ኢሜይል ስለተመለሰ ዋናውን በእጄ ይዤ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ።)