ደብተርህን ራስህ አርም ሲሉህ

ስልሳ ደብተር ተሸክሞ ወደ ቤቱ መሄድ የሰለቸው መምህር አንድ ቀን መልሶቹን ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «የክፍል ሥራችሁን ራሳችሁ አርሙ፤ በሐቀኝነት!» ይላል። ያን ጊዜ ሠሪውም፣ ዳኛውም፣ ይግባኝ ሰሚውም አንተ ነህ። በአገራችን ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲገባ በደንብ መጠቀም የተለመደ ነውና አንተም ልማዱን እንዳታፈርስ ይህን ምክር ጽፌልሃለሁ። እህቶቼ «አንተ» ባልኩበት ሁሉ «አንቺ» እያላችሁ አንብቡ፤ በዚህ ጉዳይ ወንድና ሴት እኩል ናቸው።

እርማት የሚጀምረው መልሱን ስትጽፍ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ባለማወቁ ይጎዳል። «ለ» ሁለት እግር አላት፤ «ሐ» ሦስት። አስተዋይ ተማሪ ሁለቱ ሲያምታቱበት ምንጊዜም «ለ»ን ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ «ሐ» ከወጣ የጎደለውን እግር መሀል ላይ መትከል የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። «ሐ» ብሎ የጻፈ ግን እግር ለመቁረጥ ላጲስ ሊፈልግ ነው፤ እስክሪብቶ በላጲስ አይጠፋም፣ ወረቀቱ ይበሳል፣ የተበሳ ወረቀት ደግሞ ያሳብቃል። ሒሳብ ላይም ሕጉ ያው ነው። የመቀነስ ምልክት አንዲት ሰረዝ ስትቆምባት ትደምራለች፤ 3 ወደ 8፣ 1 ወደ 4 ያድጋሉ፤ 8 ግን ወደ 3 አይወርድም። ስለዚህ በተጠራጠርክ ቁጥር ትንሹን ጻፍ፣ ለእድገትም ቦታ ተው። «እውነት» ወይም «ሐሰት» በሉ የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን ምክር የለኝም፤ እሱን ማጥናት ነው።

በሠራህበት እስክሪብቶ አርም። ሌላ ቀለም የኋላውን ከፊቱ ይለያል፤ መለየት ደግሞ ለማንም አይበጅም።

ከእጅ ጥበቡ ቀጥሎ የሕሊናው ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ የምትደገፍበት ትልቁ ምሰሶ «ማለቴ ነበር» ይባላል። የጻፍከው አንድ ነገር ነው፤ ማለትህ የነበረው ሌላ። መምህሩ የሚያየው የጻፍከውን ብቻ ስለሆነ ሲያርም መበደሉ አይቀርም። አንተ ግን የራስህን ልብ ታውቃለህ። የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ዝዋይ ነው ብለህ ከጻፍክ፣ ጣና ማለትህ ነበር፤ ሁለቱም ውሃ ናቸው። የአድዋ ጦርነት በ1880 ዓ.ም. ነው ካልክ፣ 1888 ልትል ስትል ደወል ተደወለ። እንዲህ ያለው ስህተት «በጥድፊያ» ይባላል፤ በጥድፊያ የተሠራ ደግሞ እንደ ስህተት አይቆጠርም። ሰሌዳውን ካየህ በኋላ «ይህንንማ አውቀው ነበር!» የሚል ስሜት ከመጣብህ ተቀበለው፤ ያለ ምክንያት አልመጣም። ልክ ሆኖ የተገኘውን መልስ በተመለከተ ግን ማለትህ ምን እንደነበር አትመርምር። በግምት የተገኘ ልክም ልክ ነው።

ይህን ሁሉ ማድረግ ውሸት ይሆንብኛል ብለህ የምትጨነቅ ከሆነ ሳይንስ ያጽናናሃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሰዋስው፣ በሎጂክና ቀልድን በመለየት ችሎታ ፈትነው፣ ከሌሎች ጋር ስትወዳደሩ የት ላይ ናችሁ ብለው ጠየቋቸው። ከታች የቀረው ሩብ በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ራሱን 62ቱን የሚበልጥ አድርጎ ገመተ። ከላይ ያሉት ጎበዞች ደግሞ ካሉበት ዝቅ ብለው ገመቱ። ስህተትን ለማየት የሚያስፈልገው እውቀት ስህተቱን ላለመሥራት ከሚያስፈልገው እውቀት ብዙም አይለይምና ነው። እንግዲህ መንገዱ ቀላል ነው። ሳትዋሽ ለራስህ አስር ለመስጠት ከፈለግህ አታጥና። ያላጠና ሰው አስሩን የሚሰጠው ከልቡ ነው።

ሆኖም አስር አትስጥ። መድፈን ያምራል፤ ግን ስልሳ ሰው ሁሉ ከደፈነ መምህሩ «እስቲ ደብተራችሁን ሰብስቡልኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግርህም። ዘጠኝም የሌሎች ሁሉ ምርጫ ስለሆነ አያዋጣም። የእኔ ምርጫ ስምንት ተኩል ናት። ያቺ ተኩል የት እንደ ጠፋች ማንም አይጠይቅም። ግማሽ ነጥብ ከራሱ ላይ የቀነሰ ተማሪ ሌላውን ስምንት በስርቆት አገኘው ብሎ የሚጠረጥር መምህር እስካሁን አልተፈጠረም። እንዲያውም አንዳንዱ ይነካና «ተው፣ ዘጠኝ አድርገው» ይልሃል። እሺ አትበል። አንገትህን ደፍተህ «አይ ቲቸር፣ ሦስተኛዋ ላይ ዩኒቷን ረስቻለሁ» በል። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር የሴሚስተር ስም ትገዛለህ።

ቀጥሎ ጥሪው አለ። መምህሩ ሮስተሩን ዘርግቶ ስም እየጠራ «ስንት?» ይላል። ስምህ በ«ሀ» የሚጀምር ከሆነ እድለ ቢስ ነህ፤ ገበያውን ሳታውቅ ዋጋ ልትጠራ ነው። በ«ዮ» እና በ«ዳ» የምትጀምሩ ግን የፊተኞቹን እየሰማችሁ ልክ ታበጃላችሁ። ውጤትህን ስትናገር ድምፅህ መካከለኛ ይሁን፤ የጮኸ ይጠረጠራል፣ ያንሾካሾከ «አልሰማሁም፣ ድገመው» ይባላል፤ ሁለት ጊዜ መዋሸት ደግሞ ከአንድ ጊዜ ይከብዳል።

«ደብተር ተለዋወጡ» የሚል መምህር ከገጠመህ ነገሩ ወደ ዲፕሎማሲ ያልፋል። አጠገብህ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ከመስከረም ጀምረህ ተስማማ። ከተጣላችሁም ከክፍል ሥራው በፊት ታረቁ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። ራስን ማረም በአንዳንድ ሰዎች እጅ ሲገባ ለሌላ ነገር እንደሚውል ደርሼበታለሁና ቀድሜ ላስጠነቅቅህ። ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም የተባሉ የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህ ጉዳይ ላይ ጽፈዋል። የእነሱን ሐሳብ የተቀበሉ መምህራን ተማሪው ሥራው ላይ እንደ ትራፊክ መብራት ቀለም እንዲያኖር ያደርጋሉ። በደንብ የገባው አረንጓዴ፣ ግማሽ የገባው ቢጫ፣ ያልገባው ቀይ። ቁጥር የለም፤ ሮስተር የለም። ከዚያ መምህሩ ቀይ ያደረጉትን ሰብስቦ ያስረዳል፤ አረንጓዴዎቹ ቢጫዎቹን ያግዛሉ። ወጥመዱን አየኸው? ቀይ ማድረግ ምንም አያስቀጣም፤ ስለዚህ ልጆቹ ቀይ ያደርጋሉ። ልጅ እንዲህ ከለመደ ያልገባውን ነገር «አልገባኝም» ወደ ማለት ይሄዳል።

ከዚህም የባሰ አለ። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሥራ፣ ለአንዳንድ ተማሪዎች ሥራቸው ላይ አስተያየት ብቻ፣ ለሌሎቹ ቁጥር ብቻ፣ ለቀሩት ሁለቱንም ሰጡ። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ሆኑ። ሁለቱንም ያገኙት ልጆች ቁጥሯን አይተው አስተያየቱን ትተውት ኖሯል፤ ቁጥር ብቻ ካገኙት አልተሻሉም። ስለዚህ አስተያየቱን የምትሰጠው አንተው ራስህ ብትሆንም፣ ከስህተትህ አጠገብ ለምን እንደተሳሳትክ በአንዲት መስመር መጻፍ አደገኛ ነው። «ምልክቱን ሳልቀይር አሻገርኩ» ብሎ ደብተሩ ላይ የጻፈ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ሲያሻግር ምልክቱ ትዝ ይለዋል። ከዚያ የሚያርመው ስህተት እያነሰበት ይሄዳል። ኤክስ ማድረግ ግድ ከሆነብህ ኤክስህን አድርግና እለፍ፤ ምክንያቱን አትጠይቃት።

በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። ይህ ሙያ ትምህርት ስትጨርስ ይቀራል ብለህ አትስጋ። መሥሪያ ቤት ስትገባ የሥራ አፈጻጸም መገምገሚያ ቅጽ ይሰጥሃል፤ ራስህን የምትመዝንበት ዓምድም አለው። ያን ዓምድ በ«መካከለኛ» የሞላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ወረፋው እስከ ደጅ የደረሰበት መሥሪያ ቤት ውስጥም ጭምር። ስምንት ተኩልህ እዚያ «ከፍተኛ» ትባላለች።

በመሀል ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል አለች፤ ስለ እሷ ዝም ብዬ ባልፍ አማካሪ አልባልም። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን የጨረሱት ተማሪዎች አገር አቀፉን ፈተና የወሰዱት በለመዱት ትምህርት ቤት ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲወጣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። የቀሩትም ካርድ ነበራቸው፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ ያለፉበት፣ ወላጅ የፈረመበት፣ አንዳንዱም ደረጃ የወጣበት። ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ነው የሚል ቢኖር ያላስተማራቸውን፣ መጽሐፍ ያላደረሰላቸውንና ካርዱን የሞላውን ሁሉ መጀመሪያ ይቁጠር። ለአንተ የሚያስፈልግህ ግን ይህን ማወቅ ነው፦ መልስህን የሚያርመው ማሽን ነው። የመረጥካትን ብቻ ያነባል። ማለትህ ምን እንደነበር አይጠይቅም፤ እግር የሚጨመርባት «ለ»ም የለችውም።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ በየክፍሉ አንዳንድ አትጠፋም። ሁሉም «ዘጠኝ»፣ «ስምንት ተኩል»፣ «አስር» እያለ ሲወርድ፣ ተራዋ ሲደርስ «አምስት» ትላለች። ክፍሉ ይስቃል፤ አንተም ሳቅ፣ ባትስቅ ያስጠረጥራል። ከዚያ መምህሩ «የትኞቹ አቃቱሽ?» ይላታል፤ ትነግረዋለች፤ ጠመኔውን ያነሳና ሰባተኛዋን ጥያቄ ከሥር ከመሠረቱ ይሠራታል። ያን ጊዜ እንደ ሌላው ጓደኛህ ወደ መስኮት አትይ። አንተም ሰባተኛዋን «ማለቴ ነበር» ብለህ ያለፍካት ነህና፣ በስምንት ተኩልህ ላይ ክንድህን አስደግፈህ፣ ምንም እንደማታውቅ ሰው ሆነህ ቀስ ብለህ ገልብጥ።