የደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ መስመር፦ አጭር ጥናት

የደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ መስመር በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኝ የሕዝብ ማመላለሻ መስመር ነው። ከደሴ ተነስቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ የተሁለደሬዋን የውኃ ዳር ከተማ፣ ሐይቅን፣ ያገኛል፤ ከዚያም ወደ አምባሰሏ ውጫሌ ይዘልቃል። በሌላው ዓለም የውኃ ዳር ከተሞችን የሚያገናኙ ታዋቂ መስመሮች ባቡር አላቸው። ይኸኛው የሚጎድለው ባቡሩና ሐዲዱ ብቻ ነው፤ ውኃው፣ ከተሞቹና ተሳፋሪው ተሟልተዋል።

ባቡር ያልታሰበበት አገር አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚዘረጋው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሐዲድ መስመር ግንባታ በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ሳይጀመር ዓመታት ስላለፉ፣ ዘግይቶ የደረሰ ባቡር በመስመሩ ላይ አንድም ጊዜ አልተመዘገበም።

የባቡሩን ሥራ ደርቦ የያዘው ሕዝቡ «አባዱላ» የሚለው ሚኒባስ ነው። የመነሻ ሰዓቱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «ሲሞላ» ይባላል። ይህ ሰዓት በፀሐይም በእጅ ሰዓትም አይለካም፤ የሚለካው በሰው ነው። ረዳቱ በመናኸሪያው በር ላይ «ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። በመስመሩ የቁጥር ሥርዓት «አንድ ሰው» ከአንድ እስከ ስድስት የሚደርስ ባዶ ቦታን ያመለክታል። መኪናው የሞላ መስሎ እንዲታይ ገብተው፣ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ ተነስተው የሚወርዱ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ሳይጓዙ የሚሳፈሩ ብቸኞቹ ተሳፋሪዎች ናቸው።

እውነተኛውን ተሳፋሪ ለመረዳት ግን የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ይህ ውኃ ገባር እንጂ መፍሰሻ ወንዝ የለውም። ሚኒባሱም እስኪነሳ ድረስ በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ አንዴ የገባ እውነተኛ ተሳፋሪ ቦታውን እንዳይነጠቅ ፈርቶ አይወጣም።

የመቀመጫ ድልድሉ ጥብቅ ነው። ጋቢናው ለሹፌሩ ወዳጅ ወይም ለተከበረ ሰው የተጠበቀ ነው፤ ሸኽ ወይም ቄስ ሲመጣ የተቀመጠው ወጣት ሳይጠየቅ ወደ ኋላ ይዛወራል። ከኋላ ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር አራት ሰው ይይዛል። አራተኛው ሰው የሚፈጠረው «ጠጋ ጠጋ በሉ» በሚል ትእዛዝ ነው። «ወዴት እንጠጋ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠው ቋሚ መልስ «አብሽሩ፣ ቅርብ ወራጅ አለ» የሚል ነው። ቅርብ ወራጁ በአብዛኛው ውጫሌ ድረስ ይሄዳል። ትራፊክ ፖሊስ በሩቅ ሲታይ ትርፉ ተሳፋሪ ዝቅ ይላል፤ ካለፉት በኋላ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ፌርማታ ቋሚ አይደለም። «ወራጅ አለ!» የተባለበት ስፍራ ሁሉ ፌርማታ ነው፤ ቀጣዩ ወራጅ ከሃምሳ ሜትር በኋላ ለብቻው እንዲያስቆም ሙሉ መብት አለው።

ዋጋን በተመለከተ አካባቢው የቆየ የውል ልምድ አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ምኒልክና ጣሊያን በውጫሌ የተፈራረሙት ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ ቅጂዎቹ ሳይስማማ ቀርቶ እስከ ዐድዋ አድርሷል። የሚኒባሱም ውል ሁለት ቅጂ አለው፦ አንደኛው ሲሳፈሩ የሚነገር፣ ሁለተኛው ሲወርዱ የሚጠየቅ። የሻንጣና የዶሮ ሂሳብ የሚገኘው በሁለተኛው ቅጂ ብቻ ነው። የሚኒባሱ አለመስማማት ግን በጥቂት ብር ልዩነትና በተሳፋሪ ሽምግልና ይፈታል።

የመስመሩ ደንበኞች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የቢሮ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ሁለተኛዎቹ በበዓልና በእሑድ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ለመብላት ከደሴ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ ሲመለሱ በዓሣ ሽታቸው ይለያሉ። ሦስተኛዎቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ወደመሠረቱት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ ምእመናን ናቸው። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም፤ በሚኒባሱ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ ማንኛውም ሰው፣ ከነማዳበሪያው ጭምር፣ ይገባል። ለግሸን ማርያም ንግሥ፣ መስከረም 21 ሲቃረብ፣ መኪናው ወደ ግሸን ስለሚያቀና የመስመሩ ሰዓት ከ«ሲሞላ» ወደ «ሲገኝ» ይለወጣል።

አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን የሰጠ አገር ቢሆንም፣ በጉዞው ላይ የሚሰማው ሙዚቃ የሚወሰነው በሹፌሩ ፍላሽ ነው። በፍላሹ ምርጫ ያልተማከሩ ተሳፋሪዎች ድምፁን የሚያስቀንሱት ስልክ እያወሩ በማስመሰል ነው።

አገልግሎቱ የሚቆመው ሲመሽ ነው። የዕለቱ የመጨረሻ መኪና የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይነገርም፤ የሚታወቀው ከሄደ በኋላ፣ መናኸሪያው በር ላይ በቀሩት ሰዎች ነው።