ስለ መልስ አጠያየቅ የወጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ

በሐዋሳ መናኸሪያ የምትገኙ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ሶፍትና ማስቲካ አዟሪዎች፣ እንዲሁም ሻንጣችሁን ተሸክማችሁ የምትሮጡ ተሳፋሪዎች ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያልሰማህ ግን አትጠይቅ።

በዚህ መናኸሪያ ከጥንት ጀምሮ የቆየ ክፉ ልማድ በመገኘቱ፣ ይኸውም ተሳፋሪ ገንዘቡን በሰጠ ቅጽበት «ረዳት፣ መልሴስ?» ብሎ የመጮህ ልማድ በመሆኑ፤

አንዳንድ እናቶችም የራሳቸውን መልስ ተቀብለው ዝም እንደ ማለት ከኋላ የተቀመጠውን፣ ስሙን እንኳ የማያውቁትን ተማሪ መልስ ጭምር እስከ መጨረሻው የመከታተል ድፍረት በማሳየታቸው፤

ረዳት ከታሪፉ አምስት ብር አስበልጦ ሲጠይቅ መኪናው በሙሉ ያለ አጀንዳና ያለ አፈ ጉባኤ ፈቃድ እዚያው ስብሰባ ተቀምጦ በሁለት ደቂቃ ውሳኔ በማሳለፉ፣ ውሳኔውም ሌላ ሰው ሳይሳፈር በመፈጸሙ፤

ይህ አሠራር የፌዴራሉ መንግሥት በቀውስ ጊዜ ገንዘብ ከሚያወጣበት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ከሚቆጣጠርበት አሠራር ጋር ፈጽሞ ሊጣጣም ባለመቻሉ፤ ምክር ቤቱን ወደ መናኸሪያው ደረጃ ማድረስ ደግሞ ከአቅም በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ መናኸሪያውን ወደ ምክር ቤቱ ደረጃ ማውረድ ተመርጦ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመልስ የለም አዋጅ ቁጥር 1/2018» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። መጥቀስ ግን አይበረታታም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

«ረዳት» ማለት ገንዘቡን የሚሰበስብ፣ የሚይዝ፣ የሚያወጣ፣ ስለ አወጣጡም ራሱ ሪፖርት የሚያቀርብ አካል ነው።

«ቀውስ» ማለት ጦርነት፣ ድርቅ፣ ወረርሽኝ፣ የነዳጅ እጥረት፣ የብር መዳከም ወይም ረዳቱ ቀውስ ነው ያለው ማናቸውም ሁኔታ ነው። ሲጀምር በይፋ ይነገራል፤ ሲያልቅ ሌላው ስለሚጀምር መንገር አያስፈልግም።

«ትርፍ» ማለት ወንበር ካለቀ በኋላ መተላለፊያው ላይ በበርጩማ የሚጫን ተሳፋሪ ነው። ምክር ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ተጨማሪ በጀት ይባላል።

አንቀጽ 3። ስለ ታሪፍ

ታሪፍ መለጠፉ ይቀጥላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 11 የፌዴራል መንግሥቱን በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ተለጥፎ መታየቱ ግድ ነው።

ለዚህም ታሪክ አለን። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት፤ የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ገንዘብ ከዓመቱ በጀት ውጭ እንዳይወጣ ያዝዝ ነበር። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት የምክር ቤቱን የበጀት ሥልጣን ያስቀመጠው አንቀጽ 55 ላይ ነው። ስልሳ አራት ዓመት ተጉዞ፣ በመሐሉ ሁለት መንግሥት ገልብጦ፣ እዚያው ቁጥር ላይ መውረድ ለመስመሩ መታመን ጥሩ ምስክር ነው። በመሐሉ ደግሞ የወሎ ረሃብ አለ፤ መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ ካለቀ በኋላ ነው። ቁጥጥርን ከቀብር በኋላ የማድረግ ባህላችን ስለዚህ መጤ አይደለም።

አንቀጽ 4። ስለ ትርፍ

የዲላው መኪና በተለጠፈው ታሪፍ ተነሥቶ ቱላን ሳያልፍ ረዳቱ «ቀውስ ገጥሞናል፤ እያንዳንድህ ስልሳ በመቶ ጨምር» ቢል ተሳፋሪው ይጨምራል።

ስልሳ በመቶ የሚለውን ከኪሳችን አላመጣነውም። ምክር ቤቱ በሰኔ 2016 መጨረሻ ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር አጸደቀ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገባ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በኅዳር ደግሞ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ቀርቦ ጸደቀ። ሒሳብ የሚወድ ተሳፋሪ ካልኩሌተሩን ያውጣ።

ምክንያቶቹ ሐሰት ነበሩ አንልም። የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማ፣ የመድኃኒት ዋጋ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ የዕዳ ክፍያ፣ ሁሉም እውነት ነው። መናኸሪያውም ነዳጅ እንደሚወደድ ያውቃል፤ ሌሊቱን ማደያ ተሰልፎ ያደረ ሾፌር ይመስክር። መናኸሪያው ልማድ ሆኖበት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሾፌሩ ታሪፉን ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲያስጸድቀን ሐምሌ ላይ የሚጠብቀውን ዳገት አያውቅም ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል።

ከዚያ በፊትም በጦርነቱ ዓመት፣ ለ2014 ከጸደቀው 561.7 ቢሊዮን ብር ላይ በጥር ወር 122 ቢሊዮን ብር ተጨምሯል። አገር ጦርነት ላይ ሳለ መከላከያ ገንዘብ አያስፈልገውም የሚል እዚህ መናኸሪያ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ነገር ግን ያን ሰሞን «ዝርዝሩን አሳዩኝ» ማለት ከማን ወገን ነህ የሚያሰኝ ነበር፤ አርቃቂው ይህን ዘዴ እጅግ ስለ ወደደው ለዲላና ለሻሸመኔ መስመሮች በቀጥታ ወስዶታል። መልስ የሚጠይቅ ተሳፋሪ መኪናው እንዳይደርስ እንደሚፈልግ ይቆጠራል።

ለ2018 በጀት ዓመት የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ተቆጥሮ መልስ ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከጋቢና ወደ ኋላ ወንበር ይዛወር።

አንቀጽ 5። የ2012ቱን ስሕተት ስለ ማረም

በኮሮና ጊዜ መኪኖች ግማሽ ብቻ ጭነው እጥፍ እንዲያስከፍሉ መደረጉ ይታወሳል። የዚያ ውሳኔ አደገኛነት ያኔ አልታየንም። ተሳፋሪው እጥፍ ከፍሎ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የጨመረው ገንዘብ ምን እንደ ገዛለት በዓይኑ አየ፣ በክርኑም ዳሰሰ። ባዶው ወንበር ላይ ትርፍ ሲጫንም ወዲያው ጮኸ። ኦዲት ማለት ይኸው ነበር፤ ያውም ያለ አበል። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ወደፊት በቀውስ ጊዜ የሚከፈል ማንኛውም እጥፍ ምን እንደ ገዛ በማይታይበት ርቀት ላይ ይውላል።

አንቀጽ 6።

ይህ አንቀጽ ከመደበኛ ወደ ካፒታል ተዛውሯል።

አንቀጽ 7። ስለ ምልዓተ ጉባኤ

መናኸሪያው መኪና ካልሞላ አይነሣም። ምክር ቤቱ ግን በአንቀጽ 58 መሠረት ከ547 መቀመጫዎቹ ከግማሽ በላይ ከተገኘ ይበቃዋል፤ በአንቀጽ 59 ደግሞ ከተገኙት አብላጫው እጁን ካወጣ ውሳኔ ነው። በዚህ ስሌት መቶ አርባ የማይሞሉ እጆች መቶ ቢሊዮኖችን ሊያንቀሳቅሱ ይችላሉ። እውነቱን ለመናገር እጅ አወጣጡ ላይ ችግር አልታየም፤ በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ገዥው ፓርቲ 410ሩን ስለ ወሰደ ከሾፌሩ ጋር የማይስማማ ተሳፋሪ በአንድ ባጃጅ የሚጫን ሆኗል። ማን ተቃወመ ብሎ አንገት ማዞር ለጊዜው አያስፈልግም።

አንቀጽ 8። ስለ አስቸኳይ ጊዜ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያውጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለት ያዝዛል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ያቋቁማል። ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስም ይፋ ያደርጋል፣ ኢሰብዓዊ ድርጊት እንዳይፈጸም ይከታተላል። መልካም ነው፤ ሰው ከገንዘብ ይበልጣል። ስለ ገንዘቡ ግን አንቀጹ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰዎቹን የሚቆጥር ሰባት ሰው ተመድቦ ብሩን የሚቆጥር አንድ ሰው አለመመደቡን ያስተዋሉ ረዳቶች ይህን አዋጅ በደስታ ተቀብለውታል።

አንቀጽ 9። ስለ ኦዲት

መኪና ላይ የሚደረግ ማንኛውም የሒሳብ ምርመራ መኪናው ዲላ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ጎማ ቀይሮ፣ ረዳቱም ወደ ሶዶ መስመር ከተዛወረ በኋላ ይከናወናል።

ዋና ኦዲተሩ ያለፈውን በጀት ዓመት ሒሳብ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ በጥር በጦርነት ስም የጸደቀው ብር ጉዳይ አዳራሹ ሲደርስ ጦርነቱ ራሱ ቆሟል ማለት ነው። ለመናኸሪያውም ከዚህ የተሻለ አይገባውም። ተሳፋሪው በአፖስቶ «መልሴ ቀረ» ቢል፣ መልሱ «ሳይወራረድ የቆየ ተሰብሳቢ» በሚል ርዕስ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ተቀብሎ ከሆነ «መመሪያን ያልተከተለ አሰባሰብ»፣ ደረሰኝ ከሌለው «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ» ይባላል። «ወሰደው» የሚለው ቃል በሙያው ውስጥ ስለሌለ ጥቅም ላይ አይውልም። የእነዚህን ሐረጎች ዜማ ሪፖርቱን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሁሉ ከአቶ ገመቹ ዱቢሶ ጊዜ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ወይዘሮ መሠረት ዳምጤም ሐረጎቹን አልለወጡም፤ ኦዲተሩ እኮ ያየውን ነው የሚጽፈው።

ኦዲተሩ መናገሩን እንዳላቋረጠ አርቃቂው በቅሬታ ይመዘግባል። ከእሱ በኋላ ያለው ቦታ ግን አስተማማኝ ነው። ቋሚ ኮሚቴው መሥሪያ ቤቱን ይጠራል፤ ኃላፊው «አስተያየቱን እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ይላል፤ የማስተካከያ ዕቅድ እንዲያቀርብ ቀን ይቆረጥለታል። በቀጣዩ ዓመት ያው ግኝት፣ ሌላ ኃላፊ፣ ያው ግብዓት። የሻሸመኔ መስመር ረዳቶች ይህን ቃል በአስቸኳይ እንዲያጠኑት ታዟል፦ «እትዬ፣ የመልስዎን ጉዳይ እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

ከውጭ አገር የሚመጣ ልማድ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደቡብ አፍሪካ ለኮሮና 500 ቢሊዮን ራንድ ስትመድብ ዋና ኦዲተሯ ገንዘቡ ወጥቶ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ገና እየወጣ ሳለ መዝገብ ከፍቶ በሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያውን ልዩ ሪፖርት ለሕዝብ አወጣ፤ በውድ ዋጋ የተገዙ መከላከያ ቁሳቁሶችንና ለማይገባቸው የተከፈሉ ድጎማዎችን አጋለጠ። ስርቆቱ አልቆመላቸውም ይባላል፤ ቢያንስ ግን እየተሰረቁ ሳሉ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለው አስጨናቂ አሠራር ሞያሌን ተሻግሮ እንዳይገባ የመግቢያ ኬላው ይጠበቅ።

አንቀጽ 10። ጠያቂ ስለ መመደብ

መኪናው ውስጥ መልስ የሚጠይቅ አንድ ተወካይ ሊመደብ ይችላል። ቢቻል ከተቃዋሚ ወገን ይሁን፤ ያምራል።

በስድስተኛው ዙር ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የተቃዋሚ ተመራጭ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ ታሰሩ። በኋላ የቀረበባቸው ክስ ሽብርን የሚመለከት እንጂ ኦዲትን የሚመለከት አይደለም። ይህ ንዑስ አንቀጽ ለፌዝ ስላልተጻፈ አርቃቂው ምንም አልጨመረበትም።

አንቀጽ 11። ስለ ሰነድ

ደረሰኙ የት አለ ተብሎ ለሚቀርብ ጥያቄ «ተጭኗል» የሚለው መልስ በቂ ነው። ሐዋሳ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የደቡብ ክልል ሲበታተን መሥሪያ ቤቶች ወንበርና መዝገባቸውን እየጫኑ በሶዶና በሆሳዕና መስመር ሲወጡ ያየ የመናኸሪያ ሰው፣ የትኛው ፋይል በየትኛው መኪና እንደ ሄደ መጠየቅ ጨዋነት እንዳልሆነ ይረዳል።

አንቀጽ 12። የተሻሩ ልማዶች

«ረዳት፣ መልሴስ?» ማለት፣ ዝርዝር ብር ይዞ መሳፈር፣ የጎረቤትን መልስ መከታተል፣ ታሪፉን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ «መኪናውን አቁመው!» ማለት ተሽረዋል። የኋለኛው በተለይ ከባድ ነው። የምክር ቤቱን በጀት ጉዞ እስካሁን «አቁመው» ብሎ ያስቆመው የለምና መናኸሪያው ቀዳሚ እንዲሆን አይፈቀድለትም።

አንቀጽ 13። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ገንዘቡ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የጸና ይሆናል።

ረዳቱ
(ስለ ሾፌሩ)

ግልባጭ፦
ለተራ አስከባሪዎች፣ እንዲያውቁት
ለዋና ኦዲተር፣ በሚመጣው ዓመት ሰኔ
ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ ዛሬ ጠዋት ተመርቶለት ከሰዓት በኋላ እንዲጸድቅ
ለተሳፋሪዎች፣ መኪናው ከተነሣ በኋላ