የእድሩ አዲስ ሰው

እድር ለሞተ ሰው ያለው እንክብካቤ ወደር የለውም። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ለፋፊው ቀብሩ የት እንደሆነ እየዞረ ይናገራል። ሟቹን በሕይወት ሳለ ሰላምታ የነፈጉት ሳይቀሩ ከፊት ከፊት ሆነው ይሸኙታል። ችግር ያለው ገና ላልሞተው ነው። በተለይ ትናንት ለተመዘገበው።

ወደ ሰፈራችን የሚገባ ሰው መጀመሪያ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ያጠናል፣ ቀጥሎ እድር ያጠያይቃል። «ጸሐፊው ጋ ሂድ» ይሉታል። ጸሐፊያችን ሱቅ አላቸው። መዝገቡ የሚቀመጠው ከሳሙናው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው ገና አፉን ሲከፍት «ዘይት አልቋል» ይባላል። የመጣው ለምዝገባ መሆኑ ሲታወቅ ኮስተር ይባላል፣ መነጽር ይፈለጋል፣ እስክሪብቶ ጋዜጣ ላይ ይሞከራል።

«ባለቤት?»

«አለች።»

«እናት?»

«አለች፣ ደብረ ብርሃን ናት።»

«እግዚአብሔር ያቆይልህ» ይሉና እናቱን ክፍያ ከሚያስገኙት ተርታ ያሰፍሯቸዋል። «አባት?»

«አርፏል።»

«ይኼ ቀለለ» ብለው ሰረዝ ያደርጉበታል። አማትና አማች፣ ወንድምና እህት ሁሉም በየተራ ይጠራሉ። ሰውየው ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ጠዋት ቀብሮ የጨረሰ ይመስል ላብ ያጠምቀዋል።

ከዚያ የመግቢያ ክፍያ ይነገረዋል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ሌሎች ሰዎች በየወሩ እየቆጠቡ የገዙት ነው፤ አዲሱ ሰው ድርሻውን አዋጥቶ ቢገባ ፍትሕ ነው። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይባላል፦ «እስከ ስድስት ወር ክፍያ የለም።» ይህም ምክንያት አለው። በሽተኛው ሲያጣጥር ከአልጋው ሥር ተነሥቶ ሊመዘገብ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም፤ እድሩም መንገዱን በደንብ ዘግቶበታል። ስለዚህ አዲስ አባል ከእድሩ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያ የእንኳን ደህና መጣህ ቃል «ለስድስት ወር እንዳትሞት» የሚል ነው። ቅጣቱ ግን ስድስት ወር አይጠብቅም። ቀብር የቀረ አባል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይቀጣል። መቅበር ዛሬ ይጀመራል፣ መቀበር በቀጠሮ ነው።

ይህ ሁሉ በደንቡ ተጽፏል፤ የተጻፈ ነገር አይከብድም። ሰው የሚያደክመው ያልተጻፈው ነው። ድንኳን ውስጥ ከመግቢያው በስተቀኝ ያሉት ወንበሮች የማን እንደሆኑ የትኛውም አንቀጽ አይነግራችሁም። ባዶ ወንበር አይታችሁ ትቀመጣላችሁ። ማንም ምንም አይላችሁም። ሁሉም ብቻ ያያችኋል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ይገቡና በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ዝናብ ሊመጣ መስሏችሁ እናንተም ታያላችሁ።

የወሩ ስብሰባ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቴሌብር በ2013 ሥራ ጀምሮ ሰው ሁሉ ዳቦ እንኳ በስልኩ መክፈል በለመደ ጊዜ አንድ አዲስ ገብ እጁን አወጣ። ወርኃዊውን መዋጮ ገንዘብ ያዡ ደጅ ተሰልፈን ከምንከፍል ለምን በቴሌብር አናደርገውም አለ። ዳኛው ሰውየውን ትክ ብለው አዩትና፣

«ወንድሜ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የገባኸው?» አሉት።

በእድራችን የማንኛውም ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ስለ ድንኳን ብትጠይቁም ስለ ድስት ብትጠይቁም የሚመለስላችሁ የገባችሁበት ጊዜ ነው። ሰውየው ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ ከመሥራቾቹ አንዱ የልጅ ልጃቸው ቴሌብር ስልካቸው ላይ ጫነችላቸውና በስብሰባ ላይ ተነሥተው ያንኑ ሐሳብ አቀረቡ። ጭብጨባው ሌላ ነበር! በቃለ ጉባኤውም «አባታችን ባመነጩት ሐሳብ መሠረት» ተብሎ ሰፈረ። ያ አዲስ ገብም ከሁሉ አስበልጦ ሲያጨበጭብ አየሁት። አሁን ገና አባል ሆነ አልሁ በልቤ።

የሚያስቀው ምኑ መሰላችሁ? እድርን የፈጠሩት አዲስ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስለ እድር ታሪክ ያጠኑ ሰዎች እንደሚነግሩን እድር በዋነኝነት የከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1879 ነው፤ ከየአገሩ ወደ እሷ የፈለሰ ሰው ዘመዱን፣ አጥቢያውንና የአያቶቹን መቃብር ጥሎ ነው የመጣው። እዚህ ቢሞት ማን ያነሣዋል? ይህ ፍርሃት ነው ጎረቤቱን የእናት ልጅ ያህል ያደረገው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል ደግሞ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፋ ይባላል። ባሕር ማዶ የተሻገረውም ወገን ያንኑ ፍርሃት ይዞ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ እድር አቋቁሟል፤ አባል ሲሞት አስከሬኑን አገሩ እስከማድረስ ይደርሳል። እንግዲህ የኛዎቹ መሥራቾች አባቶች ጥቅልል ፍራሽ ተሸክመው የመጡ አዲስ ገቦች ነበሩ ማለት ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ለመናገር አስቤ ነበር። መቼ እንደገባሁ የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ ተውሁት።

ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ የኛ እድር ለፋፊ ጡረታ ወጥቷል። እድሩ አሁን ግሩፕ አለው። አዲስ ሰው ሲገባ ስልኩ ራሱ «እገሌ ገባ» ብሎ ይናገራል፤ ከስልኩ በቀር የሚናገር የለም። በቅርቡ አንድ ጨዋ ወጣት ገባና «ሰላም ለሁላችሁም፣ አዲስ አባል ነኝ፣ ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ። እንዳጋጣሚ ከሱ በፊት የቀብር ማስታወቂያ ወጥቶ ነበርና ሰዉ ወደ ላይ ሳያይ መልሱን ይደረድር ያዘ፦ «ነፍስ ይማር።» «ነፍሱን በገነት ያኑርልን።» «ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን።» አንዲት እናትማ የልጁን ሰላምታ ጠቅሰው በሱ ሥር «ምን አገኘው ልጄን?» አሉ። ወጣቱ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ለነገሩ ስድስት ወሩ አልሞላም።

እንግዳ አቀባበል የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ባለቤቴ የሴቶች እድር በገባች ሰሞን ሐዘን ነበረና ሄደች። ጓሮ ስትደርስ አንዲት ወይዘሮ ዓይናቸው በሽንኩርት እንባ ተሞልቶ፣ ማን ትሁን ማን ሳያዩ፣ ሳፋውን በእግራቸው ወደሷ ገፋ አደረጉትና «ነይ እስቲ ቢላዋ ያዢ። ደቀቅ አድርጊው። ስምሽ ማነው?» አሏት። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ነው። ሳፋው እስኪያልቅ ድረስ ቀይ ቀለም የተቀባው ድስት የእድሩ፣ ያልተቀባው የጎረቤት እንደሆነ፣ ቡና በማን እጅ ለማን እንደማይላክ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር ካሳ እንደተኳረፈ ሁሉን አወቀች። ማታ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ገባችና የሰፈሩን ታሪክ ስትተርክልኝ አመሸች።

እኔ ያን ቀን በር ላይ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር። ወንበር ላነሣ ስል «ተው ተው፣ አንተ እንግዳ ነህ» ይሉኛል። ውኃ ልቅዳ ስል «ኧረ በእግዜር! እኛ እያለን?» በአክብሮት ብዛት ቦዘኔ አደረጉኝ። ጨዋነታችን ክፋት የለበትም፤ እንግዳን ግን እድሜ ልኩን እንግዳ አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል። ደግነቱ አንድ ሌላ ሐዘን ላይ ድንኳን ስናፈርስ ሸራው አንድ አዛውንት ላይ ተናደ። ከውስጥ ሆነው «ማነው እዚያ የቆመው? ገመዱን ያዝ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ያዝሁ። መቼ እንደገባሁ አልጠየቁኝም፤ ሸራው ውስጥ ሆኖ መዝገብ አይታይም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንኳን ሲተከል ያቺ የገመድ ጫፍ የኔ ናት። ሌላ ሰው ሲይዛት ካየሁ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አይለኝም።

እንግዲህ የእድር አባል የሆናችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ሐዘን በር ላይ እጁን አጣምሮ የቆመ ሰው ካያችሁ አታክብሩት። ወንበር አሸክሙት፣ ገመድ አስይዙት፣ ስሙንም ጠይቁት። የቤት ቁጥሩን ጸሐፊው ይዘውታል።