ቦብ ብቆረጥ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የታችኛው ፎቅ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ አንገቴን አቅፈው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ሰፈሩ ሰምቶ እኔ ያልሰማሁት መርዶ አለ ማለት ነው።

«ማን ነው እትዬ? ንገሩኝ እንጂ!»

«እኔ አንቺን ልጠይቅ መጣሁ፤ እኔማ ምን አውቄ!»

ለካ ቅዳሜ ማታ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ከኋላዬ አይተውኛል። እስከ ትናንት ጀርባዬ ላይ ይዘናፈል የነበረው ፀጉር ማጅራቴ ላይ ቀርቷል። ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው «ይቺ ልጅ አባቷን ወይ ወንድሟን ቀብራ ነው» ብለው ደምድመዋል። ከሐዘኑ ይልቅ ያንገበገባቸው ግን ሌላ ነው። «ለእድሩ ሳትነግሪ? ድንኳኑ ታጥፎ ተቀምጦ! ሰው ምን ይለናል?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፤ ቦብ ነው።»

«ቦብ?» ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈረንጅ ነው የሞተብሽ?» አሉኝ።

አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ቦብ የአቆራረጥ ስም መሆኑን አስረድቼ እስክጨርስ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። ያም ሆኖ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «ለማንኛውም ነፍስ ይማር» ብለውኝ ወረዱ።

አልፈርድባቸውም። እሳቸው ባደጉበት አገር የሴት ፀጉር የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ባሏ ወይ ልጇ የሞተባት ትላጫለች። የመነኮሰችም ተላጭታ ቆብ ትደፋለች። ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ መሃል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ትተወዋለች፤ ሳዱላ ናት። ስትዳር ታሳድገዋለች፣ ትሠራዋለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ስሟን ሳይጠይቅ ኑሮዋን ያነባል። በዚህ ፊደል ውስጥ «ቢሮ የምትሠራ፣ ዘመዶቿ ሁሉ በሕይወት ያሉ፣ ቅዳሜዋ የተበላባት» የሚል ፀጉር የለም። ደግሞም ፀጉር በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ፀጉር ለንደን ባለ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ፣ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በክብር፣ ባለሥልጣን ሄዶ ተረክቦት። የኔን የፀጉር ቤቷ ልጅ በመጥረጊያ ገፋችው።

ቅዳሜዬ ተበላ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ረፋድ ላይ ፀጉር ቤት እገባለሁ፤ ስወጣ መሽቷል። መታጠብ፣ በቢጎዲ መጠቅለል፣ ካስክ ውስጥ ጆሮ እስኪግል መቀመጥ፣ ከዚያ ፎን፣ ከዚያ ፔስትራ። ትርፉ ወሬ ነው። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት ምስጢሯን እየጮኸች ነው የምታወራው። በዚህ ዓይነት የሦስት ትዳር ችግር አንድ ሳንቲም ሳልከፍል አውቄያለሁ። ቢሆንም ሰለቸኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በየቀኑ «ቦብ ብትቆረጪ እኮ! ፊትሽ ይወጣል፣ ታርፊያለሽ» ትለኛለች። የእሷ ወገቧ ጋ ይደርሳል፤ ይህን ያስተዋልኩት ከተቆረጥኩ በኋላ ነው።

ፀጉር ሠሪዬ መቀሱን ይዛ «እርግጠኛ ነሽ የኔ ቆንጆ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ብላ «ጥሎሽ ሄደ እንዴ?» አለችኝ። ለእትዬ አጭር ፀጉር የሞተ ሰው ነው፤ ለዚች ልጅ የሄደ ወንድ። ትውልዳቸው ቢለያይም አንድ ሰው እንደጎደለብኝ ተስማምተዋል። ፀጉሬን በፔስትራ ሐር እስኪመስል ዘረጋችው፣ በማበጠሪያ አስተካክላ ያዘችው፣ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ቅርጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንገቴን አየር ነካው። ዕድሜዬን ሙሉ ነፋስ አይቶት የማያውቅ ቦታ ነው፤ ሰውነቴ ውርር አለኝ። መስታወቱ ውስጥ የማላውቃት፣ ጥሩ ደመወዝ የሚከፈላት የምትመስል ሴት ተቀምጣለች።

ሦስት ቀን አማረብኝ። በአራተኛው ዘነበ።

ይህን ቦብ የጀመረው ማነው ብዬ ያነበብኩት የዚያን ዕለት ማታ፣ ፎጣ ጠምጥሜ ነው። ትውልዱ ከፖላንድ የሆነ፣ ፓሪስ ውስጥ አንትዋን በሚል ስም የታወቀ ፀጉር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1909 የዣን ዳርክን መልክ በልቡ ይዞ መቁረጥ ጀመረ ይላሉ። ዣን ዳርክ ፀጉሯን ያሳጠረችው ለጦርነት ነው፤ ፍጻሜዋም እሳት። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያ ፔስትራ ሲጨስ ትዝ ይለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነገሩ አሜሪካ ላይ ወረርሽኝ ሆነ። የሴት ፀጉር ሠሪዎች መጠቅለልና ማስጌጥ እንጂ እንዲህ መቁረጥ ስላልለመዱ፣ ገሚሶቹም እምቢ ስላሉ፣ ሴቶቹ ወንዶች ፀጉር ቤት ገብተው ጢም ከሚላጩት ጋር ተሰለፉ። ደራሲው ስኮት ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ በርኒስ የምትባል ልጅ በአክስቷ ልጅ ጉትጎታ እንዲህ ያለ ቤት ገብታ ትቆረጣለች፤ አያምርባትም። ሌሊት ተነስታ የጎተጎተቻትን ልጅ ሁለት ጉንጉን በእንቅልፏ ቆርጣ ከተማውን ለቃ ትሄዳለች። ባልደረባዬን በማግስቱ ቢሮ ሳያት ፀጉሯ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛዬ ላይ መቀስ ነበር። ልብ ወለድ መሆኑን ለራሴ አስታወስኩ።

የሚያናድደኝ ግን ፀጉር ሠሪው ቪዳል ሳሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለንደን ላይ የተዋናይቷን የናንሲ ኳንን ረጅም ፀጉር ቆረጠ፣ ፎቶዋ ቮግ መጽሔት ላይ ወጣ፣ ዓለም ተከተለው። የሳሱን ሐሳብ ቢጎዲውም ካስኩም ይቅር ነው፤ አቆራረጡ ራሱ ይበቃል፣ ታጥበሽ ራስሽን ነቅነቅ ስታደርጊ እያንዳንዱ ዘለላ ቦታውን ያውቃል። እኔም ታጥቤ ነቀነቅኩ። እያንዳንዱ ዘለላ ቦታውን አወቀ፤ ቦታው ከጆሮዬ በላይ ነበር።

ችግሩ የማንም ተንኮል አይደለም። ከርዳዳ ፀጉር በሙቀት የሚዘረጋው ለጊዜው ነው፤ ውሃ ወይም እርጥበት ሲነካው ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ተዘርግቶ አገጭ ላይ የተቆረጠ፣ ሲከረደድ ጉንጭ ላይ ይገኛል። ልብስ ሰፊ እንኳ የሚያጥር ጨርቅ ሲመጣለት ቀድሞ ነክሮ ነው ሜትሩን የሚያነሳው። ስለዚህ በተፈጥሮ ፀጉሯ ቦብ ልትሆን የምትፈልግ ሴት ሳትተኮስ፣ ደርቆ በከረደደበት ትቆረጥ። እየተተኮሰች ልትኖር የወሰነች ደግሞ ከአገጭ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ታስደርግ። ክረምት ላይ ያቺ ሁለት ጣት ነፍስ ናት።

ሁለት ጣቷ ለሌላም ትጠቅማለች። ዓይን ፀጉሩ የቆመበት ላይ ነው የሚቆመው። እንደኔ ፊቷ ክብ የሆነ ሴት አገጯ ላይ ዙሪያውን እኩል ካስቆረጠች ፊቷ ምጣድ ያክላል፤ ከኋላ አጥሮ ወደ ፊት እየረዘመ የሚመጣው ይሻላታል፣ ክፈፉንም ከመሃል ወደ ጎን ማድረግ ነው። ፊቷ ሞላላ ለሆነ ግን አገጭ ላይ የቆመው፣ ግንባርም ላይ ትንሽ የተለቀቀበት ያምርባታል። አንገተ ረጅሟ የፈለገችውን ታድርግ፤ ለሷ ምክር የሚሰጥ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው።

ከቦብ ጋር ጉትቻ ሥራ ያገኛል። ድሮ የት እንደገባ የማይታወቅ ጉትቻ አሁን ከሩቅ ይታያል፤ ትልቅ ካልሆነ ይበቃል፣ ትልቅ ከሆነ ከፀጉሩ ጋር ይጣላል። የሀበሻ ቀሚስም በጣም ይሄዳል፤ ጥልፉ አንገቱ ዙሪያ ስለሆነ የሚጋርደው የለም። ጠላቱ ነጠላ ነው። ቅዳሴ ቆሜ ስወጣ አንዱ ጎን የበሬ መተኛ ይመስላል፣ ሌላው ክንፍ አውጥቷል። መኝታ ላይ የሳቲን ሻሽ ካላሰርሽ ደግሞ ጠዋት እንዲሁ ነው። ረጅም ፀጉር ተበላሽቶ ሲያድር ጠቅልሎ መያዝ ነበር። ቦብ አይያዝም፣ አይሠራም፣ አይደበቅም። ሊያሳርፈኝ የመጣው ነገር ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ይወስድብኛል።

ማጅራቱ ደግሞ በስድስት ሳምንት ቁጥቋጦ ያወጣል። ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ወረፋ አልጠብቅም ብዬ የሰፈራችን ወንዶች ፀጉር ቤት ገባሁ። ኳስ ነበር። ጎል የገባ ይመስል ሲጮህ የነበረው ቤት ጭር አለ። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ጢማቸው አረፋ እንደሆነ ዞረው አዩኝ። ፀጉር ቆራጩ ልጅ ግን ጨዋ ነው፤ «ነይ እህቴ» ብሎ ፎጣውን አራገፈ። ቶንዶዙን አንስቶ ማጅራቴን በጥንቃቄ አየና «ፌድ ላርገው?» አለኝ። ፌድ አላስፈለገኝም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መጨረሻ ላይ አልኮሉን ሳያስጠነቅቀኝ ሲነፋብኝ ጮህኩ፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ሳቀና ኳሱ ቀጠለ። አሁን ደንበኛ ነኝ።

እማዬ ለፋሲካ ከደብረ ማርቆስ መጣች። በስልክ አልነገርኳትም ነበር። ስታየኝ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ዕቃዋን አስቀመጠች፣ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ታመሽ ነበር? ደብቀሽኝ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማዬ፣ ፋሽን ነው።»

«ለትኩሳት ካልሆነ፣ ለሐዘን ካልሆነ፣ ማን ጤነኛ ፀጉሩን ይቆርጣል?»

«አንቺስ ልጅ ሆነሽ ሳዱላ አልነበርሽም? መሃል አናትሽን ተላጭተሽ?» አልኳት፣ ረታኋት ብዬ።

«ያማ ለባል ነው» አለች። «ያንቺ ለማን ነው?»

መልስ አጣሁ። እሷም አልጠበቀችም። ያመጣችውን ቅቤ ፈትታ ወደ አናቴ መጣች። እምቢ ብል የምትሰማ ሴት አይደለችም። ረጅም ፀጉር ቅቤ ይጠጣል፤ ቦብ ግን ያፈሳል። በማጅራቴ ወርዶ ኮሌታዬን አልፎ ወገቤ ጋ ሲደርስ እማዬ «አየሽ፣ ፀጉሩ ቢኖር ይይዘው ነበር» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንድ ባልደረባችን አባት አርፈው ለቅሶ ሄድን። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ነጠላዬ ተንሸራቶ ማጅራቴ ታየ። አንዲት እናት እሪ ብለው አቀፉኝ። «አባትሽን! አባትሽን!» እያሉ ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። እሺ ማለትም፣ አይደለሁም ማለትም በማይቻልበት ፍጥነት ቤተ ዘመድ የተቀመጠበት ፍራሽ ላይ ተገኘሁ። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ እኔን ይስማል። «እግዜር ያጥናሽ»፤ «አሜን» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል? እያለቀስኩም ነበር፤ ሰው ሲያለቅስ አይቼ መቆም አልችልም። ሟችን አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው አላውቅም።

እውነተኛዋ ልጅ አጠገቤ ናት። ረጅም ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ጠቅልላ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ማንም ልብ ሳይላት ተቀምጣለች። ይቅርታ ልጠይቃት ዞር ስል እሷ ቀደመችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ማናት የቆረጠችሽ?»

ነገርኳት።

«ስልኳ አለሽ?»

ቁጥሩን ስድስተኛው ላይ ሳደርስ ሌላ ለቀስተኛ እየጮኸች ገባች፤ ሁለታችንም አለቀስን።