ሴቲቱና ኮብራው

አሜሪካ የምትኖሪ ነፍሰ ጡር እህቴ፣ ሥራ መልቀቅ አማረሽ አሉ። እግርሽ አበጠ? አለቃሽ መረረሽ? ቻይው! በሰለጠነው አገር ማሕፀን የሚያድረው በደመወዝ መዝገብ ላይ ነው።

ጥበቡ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት ደመወዝ ላይ ገደብ ሲጥል ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና ኢንሹራንስ ማቅረብ ያዙ። ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ያንቺ ምጥ ግን ዛሬም ከመሥሪያ ቤት እንደታሰረ ነው።

አሜሪካ ጨካኝ ናት እንዳትይ። ሥራ የለቀቀ ሰው ክፍያውን ራሱ እየሸፈነ በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ እንዲቆይ የሚፈቅድ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 የፈረሙት ሕግ አለ፤ ስሙም ኮብራ ነው። አዎ፣ እባቡ። ሴት፣ ምጥና እባብ አንድ ላይ ሲነሡ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። የዚያ ዘመን እባብ ግን ፍሬውን በነጻ ነበር የሰጠው።

የዚህኛውን ሒሳብ ተመልከቺ። የወሩ ክፍያ 1,000 ዶላር ሆኖ አንቺ 200፣ መሥሪያ ቤቱ 800 ይከፍል ነበር እንበል። ደመወዝሽ በቆመ ማግስት እስከ 1,020 ትጠየቂያለሽ። 20ዋ የአስተዳደር ወጪ ናት፤ ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ለከተተልሽ ሰው እጅ መንሻ። የለቀቅሽው ከ20 በታች ሠራተኛ ካላት ምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ የፌዴራሉ እባብ ጭራውንም አያሳይሽም።

የመንግሥት የጤና ሽፋን የሆነው ሜዲኬይድም አለ፤ ድህነትሽን በወረቀት ካስመሰከርሽ። ካልሆነ ኢንሹራንስሽ ከተቋረጠ በ60 ቀን ውስጥ ወደ መንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ ሩጪ። ቀኑ ካለፈሽ ሆድሽን አሳይተሽ አትለምኚ፤ በፌዴራሉ ደንብ በሩን የሚያስከፍተው መውለድ እንጂ ማርገዝ አይደለም። ዘጠኝ ወር የተሸከምሽው «የሕይወት ለውጥ» አይባልም፤ ለውጥ የሚሆነው ሲያለቅስ ነው።

ስለዚህ ምጥሽን ከመልቀቂያ ደብዳቤሽ ጋር አስማሚ። ኢንሹራንስሽ በወሩ መጨረሻ የሚያበቃ ከሆነ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሞላ ተገላገይ። 5 ደቂቃ ካለፈሽ ወይ እባቡን ጥሪ፣ ወይ ልጁም ዕዳውም ያንቺ።

ያን ሌሊት አዋላጇ «አምጪ!» ትልሻለች። ሒሳብ ክፍሉም በተራው «አምጪ!» ይልሻል። ማርያም የምትደርስልሽ ለመጀመሪያው ነው።